ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ኮምፒውተር

በጎንደር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ነገር የሚፈልግባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንደኛው ጥር 11 ነው። ያኔ ሁሉም ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳል፤ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ ሁሉም ፎቶውን እዚያው ቆሞ አዲስ አበባና አሜሪካ ላለ ዘመዱ ሊልክ ይሞክራል፤ ፎቶውም ታቦቱ መንበሩ ከገባ በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው ሰኔ ነው። ለዚህኛው ቱሪስት አይመጣም፣ የአልጋ ዋጋም አይጨምርም። የሚታየው በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ዙሪያ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ብቻ ነው። ተመራቂው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም፣ ሊያስጠርዝ፣ አማካሪው በቀይ የሞነጫጨረበትን ገጽ ሊያስተካክል፣ ፍላሹን በፌስታል ጠቅልሎ በዝናብ ይሰለፋል።

ጽሕፈት ቤት የምለው ደጃፉ ላይ «ኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ፣ ጉርድ ፎቶ» የሚል ባነር የተሰቀለበትን ነው። ጎንደር ለጽሕፈት ቤት እንግዳ አይደለችም። በፋሲል ግቢ ውስጥ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። በዚያ ዘመን አንዱ ጸሐፊ ብራናውን ይዞ ሲገለብጥ ሌላው ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ሰባት ሰው አንዱን ዳዊት በአንድ ደቂቃ ልክፈት ቢል የሚያገኘው ተግሣጽ ነው። የኛ ጣጣ የመጣው ተራ መጠበቅን የሚያስቀር መሣሪያ ከተሠራልን ወዲህ ነው።

ነገሬ ስለ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስሙ ይቆየኝ። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እትየ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ቤቱ ውስጥ ለጸሐፊና ለደንበኛ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም እንዳይነካው የታዘዘ አንድ አለ። እሱ «ሰርቨር» ነው። ማዕረጉን ያገኘው በችሎታ ሳይሆን በዕድሜ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የተገዛ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ። በላዩ ላይ እትየ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ተነጥፏል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ሆዱ ውስጥ «ሼር» የሚባል ፎልደር አለ። ደንበኛ በየትኛውም ኮምፒውተር ፍላሹን ይሰካል፤ ፋይሉ ሼር ላይ ይገለበጣል፤ ከዚያ የሚያርመው እዚያ ይከፍተዋል፣ የሚያትመው ከዚህ ያትመዋል። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተዝካር ጥሪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ስለ ወገራ ድንች በሽታ የተጻፈ የማስተርስ ጥናት፣ ሁሉም በዚያ ፎልደር ጎን ለጎን ይተኛሉ።

ይህ ሥርዓት ከመስከረም እስከ ግንቦት ማንንም አላስቸገረም። ሰኔ ሲገባ ግን ሰርቨሩ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሼር ላይ የሚሠራው ሁሉ ስታክ ያደርጋል፤ ደንበኞች ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ይደበድባሉ። ቀጥሎ የጥጉ ስክሪን ሰማያዊ ይለብስና ነጭ ጽሑፍ ይወርድበታል። አንዱ «ኧረ ምን አለ!» ብሎ ሳይጨርስ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ሲነሣም ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። የጠፋው ሴቭ ያልተደረገው የሰው ሥራ ብቻ ነው።

ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል፤ ኮምፒውተር ሲወድቅ ባለሙያ ይበዛበታል።

እትየ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ቀን ያውቁታል፤ የሰው ዓይን ነው። «አንዲት ሴትዮ ገብታ ‹አቤት ገበያ!› አለችና ወጣች፤ ‹ይባርክላችሁ› እንኳ አላለችም» ሲሉ ነገሩኝ። ጎረቤት ያለው ኤሌክትሪሻን ኧርዝ ስለሌለው ነው አለ፤ እሱ ዘንድ ከተቃጠለ አምፖል እስካረረ ወጥ ድረስ የኧርዝ ችግር ያልሆነ ነገር የለም። ከደባርቅ የመጡ መምህር ደግሞ የደጋውን ካፖርት ሳያወልቁ «ቫይረስ ነው፤ ሰው ፍላሹን ሳያጸዳ ይሰካል» ብለው ፈረዱ። ጥቂት ቆይቶ በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ተገኘ። መምህሩ «ይኸው፣ ከዚህ ቤት ነው የያዘኝ» አሉ፤ ፍላሹ ግን ገና መሰካቱ ነበር።

ፍርዱ ያረፈው ጸሐፊዋ ልጅ ላይ ነው። ስልኳን ሰርቨሩ ላይ ሰክታ ቻርጅ ስታደርግ ታይታለች። መታየቷ በቂ ነበር። በየቢሮው እንደምናውቀው ዕቃ ሲበላሽ የሚጠየቀው ያበላሸው ሳይሆን መጨረሻ የነካው ነው፤ ጥናት አያስፈልገውም፣ ምስክር አይጠፋለትም፣ ሰው ወዲያው ይገኝለታል። እትየ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ሁለት ተማሪዎች ገንዘባችን ይመለስ ብለው ሲጮሁባቸው የተመለሰውን ብር ከልጅቷ ደሞዝ ቆረጡት።

ከዚያ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» አለ። በእኛ ሀገር ፎርማት ለኮምፒውተር የሚታዘዝ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድኃኒት ነው። ድምፅ አልወጣ ቢል ፎርማት፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ቢነክስ ፎርማት፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ ፎርማት። እኔ ይህን ሙያ አልንቅም፤ ብዙ ቤት እንጀራ የሚያበላ ሥራ ነው። ቅሬታዬ ከምርመራው በፊት መምጣቱ ላይ ነው። ሰውየው እስከ ማታ ተቀምጦ ዊንዶውሱን እንደገና ጫነ፤ ኦፊሱን፣ ፓወር ግዕዙን፣ የፊልም ማጫወቻውን ሁሉ አንድ በአንድ አስገባ። ቪዥዋል ግዕዝን ግን ዘነጋው፤ በማግስቱ የዕድሩ ደንብ ሲከፈት አንቀጽ 4 የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ክምር ሆኖ ወጣ። የዕድሩ ጸሐፊ ለረዥም ጊዜ አዩትና «ከበፊቱ የባሰ ግልጽ ያልሆነ ነገር የለውም» ብለው ተቀበሉት።

ማታውን ባለሙያው ሰርቨሩን ሞከረው። አልወደቀም። ደጋግሞ አጥፍቶ አበራው፤ አልወደቀም። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሲሞክረው ቤቱ ውስጥ የነበሩት እሱ፣ እትየና የጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ደንበኛው ሞልቶ ሁሉም ሼሩን ሲከፍት ሰርቨሩ ወደቀ። በባዶ ቤት የተሞከረ ሰርቨር አልተሞከረም። ከዚህ የከፋም አለ፤ ዊንዶውስ በወደቀ ቁጥር ለምን እንደወደቀ የሚጽፈው ትንሽ ፋይል አለ፤ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ «ሚኒደምፕ» በሚባል ፎልደር። የቀደሙት የእምነት ክህደት ቃሎች በሙሉ በፎርማቱ ተደመሰሱ።

ነገሩ እኔ ዘንድ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ለኔትወርክ ሥራ ቅርብ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል፤ የራሴም ጽሑፍ እዚያ ቤት ይጠረዝ ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት አንዲት የራይት ምልክት ማንሣት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ሲወድቅ ወዲያው ራሱን እንዲያስነሣ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ «በራስህ ተነሣ» የምትለዋን ትእዛዝ ስታነሣ ሰማያዊው ስክሪን እስኪነበብ ይቆያል። በሚቀጥለው ውድቀት ሰማያዊው እንዳለ ቆሞ ሲቀር እትየ ደረታቸውን ያዙ። «አንተ ልጅ፣ ድሮ እንኳ ይነሣ ነበር! ጭራሽ ገደልኸው?»

«እትየ፣ ሲነሣ ነው የሚደብቀን» አልኋቸው። አላመኑኝም፤ ቡና አልተቋረጠም እንጂ ለጊዜው ስኳሩ ቀንሷል።

ስክሪኑ ላይ ዲ1 ብሎ የሚያልቅ ረዥም የስሕተት ቁጥርና የአንድ ድራይቨር ስም ተጽፏል። ቁጥሩ በግርድፉ የሚለው፣ አንድ ድራይቨር መንካት በማይገባው ሰዓት የሌለ የሜሞሪ አድራሻ ሊነካ ሞከረ ነው። ድራይቨሩ የኔትወርክ ካርዱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ይኸው ሌባው ተያዘ» ማለት ያጓጓል፤ ግን ስክሪኑ የሚነግርህ ማን ላይ እንደወደቀ እንጂ ማን እንደገፋው አይደለም። ራሙ ተበላሽቶ ንጹሑ ድራይቨር ስሙ ሊጠራ ይችላል። ሙቀትም ይህን ያደርጋል። ስለዚህ መቼ እንደሚወድቅ ማወቅ ነበረብኝ።

እሱን ያወቀችው ደግሞ የተቀጣችዋ ልጅ ናት። ደሞዟ ከተቆረጠ ወዲህ በዱቤ ደብተሩ ጀርባ ውድቀቱን ሁሉ ትጽፍ ነበር፤ ሰዓቱን፣ ስንት ሰው እንደነበረ፣ ማን ምን እያሠራ እንደነበረ። «ከጠዋቱ 3፡40፣ ቤቱ ሙሉ፣ የጤና ተማሪዎች ስካን። ከሰዓት 9፡10፣ ሦስት ሰው ከሼር ላይ ፎቶ ይጎትታል። ዓርብ ከሰዓት ባዶ፣ አልወደቀም።» ዓርብ ደግሞ ስልኳ ከጠዋት እስከ ማታ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ መዋሉን ጨምራ ጽፋለች። ይህቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት።

ደብተሩን ይዤ የማሽኑን የራሱን መዝገብ ከፈትሁ፤ ኢቨንት ቪዩወር ይሉታል። እትየ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። መዝገቡ 9፡40 ላይ ወደቅሁ ይላል። «ውሸት!» አሉ እትየ፤ «ትናንት በ9 ሰዓት ከ40 እኔ ራሴ እዚህ ወንበር ላይ ነበርሁ፤ ምንም አልወደቀም!» የፈረንጁ 9፡40 የኛ የጠዋት 3፡40 መሆኑን ለማስረዳት ጣት ቆጠርን። ስድስቱን ሰዓት ስንቀንስ የልጅቷ ደብተርና የማሽኑ መዝገብ በደቂቃ ተገናኙ። ከእያንዳንዱ ውድቀት በፊት መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ተደጋግሞ አለ፤ 2019። እትየ ተጠጉና «እንደኛ ነው እንደ ፈረንጅ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዓመተ ምሕረት አይደለም፤ የማስጠንቀቂያው መለያ ቁጥር ነው። ፋይል የሚያጋራው የዊንዶውስ ክፍል «ኖንፔጅድ የሚባለው ሜሞሪ ስላለቀብኝ የምወስደው አጣሁ» ሲል የሚጽፈው አቤቱታ ነው።

አቤቱታውን ብናገኝም የቀሩትን ተጠርጣሪዎች ማሰናበት ያስፈልጋል፤ አንዱን ቀይሮ አንዱን እየያዙ። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው ቢድንለትም ያዳነውን አያውቅም። ሙቀቱን ለማጥራት ዳንቴሉ መነሣት ነበረበት፤ የከበደው ድርድር ይህ ነው። እትየ ዳንቴሉን ያለ ሥዕሉ፣ ሥዕሉን ያለ ዳንቴሉ ማየት አልፈለጉም። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተዛወሩ። ክዳኑ ሲከፈት የበጋው አቧራ ተቆልሎ ተገኘ፤ ጠረግነው፤ ሰርቨሩ ግን በቀዝቃዛ ሆዱም ወደቀ። ራሙን ማታ ለሙከራ ተውነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄደና እንደገና አስጀመርነው፤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ፊልም ከዲስክ ወደ ዲስክ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ስገለብጥ ምንም የለም። ኬብሉን፣ የስዊቹን ቀዳዳ ለወጥን፤ መውደቁ አልቀረም። የሰው ብዛት ራሱ ነው እንዳንል፣ ዊንዶውስ 7 በአንድ ጊዜ 20 ግንኙነት እንዲቀበል የተወሰነ ነው፤ 21ኛው «አልችልም» ተብሎ ይመለሳል እንጂ ማሽኑ ሰማያዊ አይሆንም።

ያንኑ ፊልም ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርኩ ስንጎትተው ግን ታስክ ማናጀር ላይ «ከርነል ሜሞሪ» ከሚለው ሥር ያለው የኖንፔጅድ ቁጥር መውጣት ጀመረ። ፊልሙ አለቀ። ቁጥሩ አልወረደም። እንደገና ጎተትን፤ ካለበት ላይ ተነሥቶ ወጣ። የወሰደውን የማይመልስ አንድ አካል አለ ማለት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አብዛኛው የኮምፒውተር ሜሞሪ ቦታ ሲጠብ ለጊዜው ወደ ዲስክ ሊወርድ ይችላል። ኖንፔጅድ የሚባለው ግን አይወርድም፤ ድራይቨሮች ዲስክ መጠበቅ በማይችሉበት ቅጽበት የሚሠሩበት ነውና። የያዘውን ሎሚ መሬት ማስቀመጥ የተከለከለ ሰው ማለት ነው። ፋይል በተጠየቀ ቁጥር ድራይቨሩ ሎሚ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። የኛ ሰርቨር የኔትወርክ ድራይቨር ከሚወስደው ጥቂት ጥቂቱን ሳይመልስ ያስቀር ነበር። ጥቅምት ላይ ደንበኛው አራት ሲሆን፣ ማታም ማሽኑ ሲጠፋ፣ የቀረው ሎሚ ከነመኖሩ አይታወቅም። ሰኔ ላይ ግን በየደቂቃው ነው። እጁ ሲሞላ ሲስተሙ «የለም» ይለዋል። ጨዋ ድራይቨር የለም ሲባል ይመለሳል። ይህኛው «የለም» የሚል መልስ ይመጣል ብሎ ያላሰበ ሰው የጻፈው ነው፤ ያልተሰጠውን ሎሚ እንደተሰጠው ሊጨብጥ ይዘረጋል። ዲ1 ይህ ነው።

አጥፍቶ ማብራት ለምን እንደሚያታልል እዚህ ላይ ይታያል። ሪስታርት የያዘውን ሁሉ ያራግፍለታል፤ ለተወሰነ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ያጠፋው ሰውም ፈዋሽ ይባላል። ፎርማቱም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ዊንዶውሱን አዲስ አደረገና ያንኑ አሮጌ ድራይቨር ከቦርሳው አውጥቶ መልሶ ጫነው።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያስፈራ ነገር አየሁ። የተጫነው ዊንዶውስ 7 ከተሠራበት ቀን ወዲህ አንድም ማሻሻያ አልነካውም፤ ዳታ ይበላል ተብሎ አፕዴቱ ተዘግቷል። ፋይል የሚጋራበት በር ደግሞ መጥፎ ታሪክ ያለው በር ነው። ማሽኖች ፋይል የሚጋሩበትን ቋንቋ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር፣ አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፌይገንባም የሚባል መሐንዲስ ነው የጀመረው፤ ያኔ ጥቂት ማሽኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ተማምነው የሚነጋገሩበት ነበር። በጳጉሜ 2001 ሎራን ጋፊዬ የሚባል የደኅንነት ተመራማሪ፣ በሰላምታው መልእክት ውስጥ አንዲት የ«እና» ምልክት ካለ ቦታዋ ብትገባ ዊንዶውስ ቪስታ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚወድቅ አሳየ። አንዲት ምልክት! ግንቦት 4 ቀን 2009 ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ በር ገብቶ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት መዝጊያውን ያወጣው መጋቢት 5 ነው፤ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ። የሚያስቀው አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ተመራማሪዎች ሲሞክሩት ጥቃቱ ኤክስፒን ብዙውን ጊዜ ከመያዝ ይልቅ ይጥለው ነበር፤ ወድቆ ስለሚቀር ቫይረሱ አልተሸከመውም። ለዊንዶውስ 7 ማሻሻያ መስጠት በይፋ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነው፤ ከጥምቀት ስድስት ቀን በፊት፣ ጎንደር ሌላ ነገር ስታስብ። እስከዚያ የወጡትን ማሻሻያዎች አስገባንበት፤ የቋንቋውን የመጀመሪያ ስሪትም ዘጋነው።

ሌላም ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ሰርቨሩን ወደ ሊኑክስና ያንኑ የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ወደሚናገረው ሳምባ ወደሚባል ፕሮግራም እናዙረው የሚል። ሳምባን የጀመረው አንድሪው ትሪጅል በ1984 ዓ.ም. ገደማ ካንቤራ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ሰው ከጽሑፉ በቀር ሁሉንም ነገር እንደሚሠራ ይህ ሌላ ማስረጃ ነው። እትየ በጥሞና ሰምተውኝ «ፓወር ግዕዝ ይሠራበታል?» አሉ። ሰርቨሩ ላይ ማንም አይጽፍም አልኋቸው። «ቢጻፍስ?» አሉኝ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ፈውሱ አጭር ነው። የካርዱ አምራች ከዓመታት በፊት አዲስ ድራይቨር አውጥቶለታል፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ። በስልክ ዳታ ወረደ። አንድ ዘፈን የሚያህል ፋይል ናት፤ ተጭና ለማለቅ ቡናው አቦል እስኪደርስ እንኳ አልቆየችም።

ባዶ ቤት ውስጥ መሞከር እንደማይረባ ስለተማርን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰብን። በየኮምፒውተሩ ተቀመጡ፤ ላፕቶፕ ያለውም ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሁሉም ያንኑ ፊልም ከሼር ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጎትት ታዘዘ። እትየ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆሙ። ኤሌክትሪሻኑም ሊያይ መጣ። የኖንፔጅድ ቁጥር ወጣ፤ ጉተታው ሲያልቅ ወረደ። እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ልጆቹ ሰለቻቸውና ፊልሙን ከፍተው ማየት ጀመሩ፤ ይህም ተጨማሪ ጫና ስለሆነ ፈቀድሁላቸው። ቁጥሩ አሁንም እየወጣ ይወርዳል። ድንገት ቤቱ ጨለመ።

«ወደቀ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

አልወደቀም፤ መብራት ሄዶ ነው። ፎቶ ኮፒውም፣ ጎረቤት ያለው ሬዲዮም ዝም ብሏል። ኤሌክትሪሻኑ ግን በጨለማው ውስጥ «ብያችሁ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰኔው እስኪያልቅ ሰርቨሩ አልወደቀም፤ ልጅቷም በደብተሩ የምትጽፈው አጣች። ዳንቴሉ ፎቶ ኮፒው ላይ ተስማምቶት ቀርቷል። ፎርማት ያደረገው ባለሙያ የተከፈለው ሙሉ ዋጋ ነው፤ ሲሠራ ታይቷልና፣ እስከ ማታ ተቀምጧልና። እኔ አንድ ትንሽ ፋይል ስላስገባሁ ምርቃትና ድፎ ዳቦ ደርሶኛል፤ አላማርርም። ዓይን ነው የሚለውም እምነት አልተናወጠም። ሴትዮዋ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ እትየ ገና ከደጃፍ «ይባርክላችሁ በይ» ብለው ተቀበሏት።

ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ፋይላችሁን ከሼር ላይ ከፍታችሁ አትሥሩ። ወደተቀመጣችሁበት ኮምፒውተር ገልብጡት፣ እዚያ አርሙት፣ ሲያልቅ መልሱት። አንድ ቅጂ ኢሜይላችሁ ላይ ይኑር። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ፍላሽ ሁለተኛ ቦታ ተብሎ አይቆጠርም። ጸሐፊዎችም እንደዚያች ልጅ ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ የሰዉን ብዛት፣ የሚሠራውን። ባለሙያ ሲመጣ ከቦርሳው በፊት ደብተራችሁን አሳዩት።

እትየ፣ ይህ ጽሑፍ የሚታተመው በእርስዎ ቤት ስለሆነ ማንበብዎ አይቀርም። ከልጅቷ ደሞዝ የተቆረጠው ብር እስካሁን አልተመለሰላትም። ይመልሱላት።